እርሾ የሌለው ሊጥ

ባለፈው ሰኞ ጠዋት የምሠራበትን የትምህርት ቤት ወጥ ቤት በር ስከፍት አንድ ሽታ ተቀበለኝ። ዓርብ ዕለት የተረፈ የፓንኬክ ሊጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ መግባት ሲገባው ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ከርሟል፤ ቦክቶ ክዳኑን ገፍቶ ወጥቷል። አለቃዬ፣ ስዊድናዊት ናት፣ አፍንጫዋን ይዛ «ድፊው፣ ድፊው» አለችኝ። ደፋሁት። እዚህ አገር ይህን ያህል ዓመት ኖሬ ምግብ መድፋት እስካሁን አልለመድኩም፤ አላህ ይቅር ይበለን። ዕቃውን በሙቅ ውሃ ሳጥብ ግን ያ ሽታ፣ ወተትና እንቁላል የገባበት ሊጥ ሲቦካ የሚያወጣው ሽታ፣ ይዞኝ ሃርጌሳ ገባ። አሥር ዓመት የሞላኝ ዓመት ነው።

ያን ዓመት ሃርጌሳ ውስጥ ከሱብሂ እስከ መግሪብ መዶሻ አያርፍም ነበር። ከስደተኛ ጣቢያ የተመለሰው ሁሉ ጣሪያ የሌለው ግድግዳው ላይ ቆርቆሮ ይመታል። አህዮች ውሃ ይጎትታሉ፣ መኪኖች ከደረቁ ወንዝ አሸዋ ያግዛሉ፤ እኛ ልጆቹ ከአሸዋው ክምር ላይ እንንሸራተታለን። አባቴ ከደሴ የመጣ ግንበኛ ነበር። በዚያ ወቅት ሥራው በርበራ ስለነበረ ቤት የሚመጣው በአስራ አምስት ቀን አንዴ ነው። እኔና እናቴ ዳሚ የሚባል የድሆች ሰፈር ውስጥ ከሌሎች ሁለት ቤተሰቦች ጋር በአንድ ክፍል ታጭቀን ስንኖር ቆየንና፣ እናቴ ጋአን ሊባህ ሰፈር አዬዮ ሐዋ ቤት ሥራ አገኘች። ታበስላለች፣ ታጥባለች፤ በሩ አጠገብ ያለችው ክፍል ደግሞ የእኛ ሆነች። መስኮት ነበራት። እናቴ የመጀመሪያ ቀን መስኮቱን ሦስት ጊዜ ከፍታ ዘጋችው።

አዬዮ ማለት በሶማልኛ አያት ማለት ነው፤ እኔ የምጠራቸው እንዲያ ነበር፤ እናቴ ደግሞ ኤዶ፣ አክስቴ፣ ትላቸዋለች። ሶማሌ ናቸው፤ ግን ያደጉት ድሬዳዋ ስለሆነ አማርኛቸው ከእኛ ይበልጥ ይሮጥ ነበር። ጦርነቱ ጊዜ ተሰደው ኋላም ልጃቸው ኢድሪስ ጀርመን ወስዷቸው ስድስት ዓመት ኖረዋል። አገሩ ሰላም ሆነ ሲባል የቤታቸው ግድግዳ መቆሙን ሰው አስጠይቀው ተመለሱ። «ሰው ሁሉ ልትሞት መጣች ይላል» ይሉ ነበር፤ «አቦ፣ ለመሞትማ እዚያም ሐኪም ሞልቷል። እኔ የመጣሁት ልኖር ነው።»

በመጀመሪያው ሳምንት ኩሩ ናቸው ብዬ ነበር። ሲያናግሩኝ አያዩኝም፤ ከራሴ በላይ ያለውን አየር ያዩታል። ጀርመን አገር ሰው ከሰው ጋር አይተያይም ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። አንድ ቀን የውሃ ባልዲ መንገዳቸው ላይ ትቼ ተሰናክለው ወደቁ። ባልዲው እኮ ቀይ ነው፤ ፀሐይ ላይ ነው የተቀመጠው። መሬት ላይ ቁጭ እንዳሉ ቀሚሳቸውን ጎትተው ጉልበታቸውን ሸፈኑና፣

«ማን አየ?» አሉ።

«እኔ ብቻ።»

«እንግዲያ ያየሽውን ዋጪው።»

የግራ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቷል። የቀኙ ብርሃንና ጨለማ ይለያል፣ ከዚያ አያልፍም። እናቴ ታውቅ ነበር፤ አሁን እኔም አወቅሁ፤ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቁርአን ቤት ስመለስ ሥራዬ መንገር ሆነ። ሻሼ ላይ ቆሻሻ አለ? በሩ ላይ የቆመችው ማናት? ሰማዩ ምን ይመስላል? አብሬያቸው ስሄድ እጃቸውን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ሰው ግን እሳቸው የያዙኝ ይመስለዋል። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ስልክ ቤት እንሄድና ከኢድሪስ ጋር ይነጋገራሉ። ስለ ደም ግፊታቸው ይጠይቃል፣ ስለ ውሃው ይጠይቃል። ስለ ዓይን ጠይቆ አያውቅም።

«አዬዮ፣ ይሄ ውሸት አይደለም ወይ?» አልኳቸው አንድ ቀን። ያኔ መዓሊማችን ስለ ውሸት አስተምሮን ነበርና እንቅልፍ ነስቶኛል።

«የጠየቀኝ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ካልጠየቁኝ ምኑን ልዋሽ?»

አሰብኩበት፣ ትክክል መሰለኝ። አሁን ግን እንጃ።

አንድ ዓርብ ከስልክ ቤት ሲወጡ እጃቸው ቀዝቅዞ ነበር። ኢድሪስ ሊመጣ ነው። «ብቻዬን እንዴት እንደምኖር በዓይኑ ሊያይ ነው» አሉኝ። ካልተመቸው ይዟቸው ይመለሳል። እቤት ስንደርስ እናቴን ጠሩ።

«ዘሃራ፣ ይሄ ልጅ ዓይኔን ካወቀ በማግስቱ ነው አውሮፕላን ላይ የሚያሳፍረኝ። ቤቱንም ያከራየዋል።»

እናቴ ወደ ክፍላችን አየች፤ እኔም አየሁ። እሳቸው ከተወሰዱ መመለሻችን ዳሚ መሆኑን ለመረዳት አሥር ዓመት በቂ ነው።

አዬዮ ግን አስበውበት ነው የመጡት። ጀርመን ሳሉ፣ ከጎናቸው ባለው ቤት የምትኖር አሮጊት ጀርመናዊት ስስ የሆነ የመጥበሻ ቂጣ አስተምራቸው ነበር፤ ፋንኩኽን ይሉታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለኢድሪስ ይጋግሩለት ነበር። በስኳርና በቀረፋ ጠቅልሎ ስምንት ይበላል። «ያንን ቆሜ ልጋግርለት» አሉ። «መጥበሻ እያዟዟረ ፋንኩኽን የሚጋግር ሰው፣ ማን ዕውር ነው ይለዋል?»

መጥበሻውን ከጀርመን ሲመጡ በብርድ ልብስ ጠቅልለው አምጥተውታል። ጥቁር፣ እጀታው ረጅም፣ እኔ በአንድ እጄ የማላነሳው ብረት ነው። በሳሙና አይነካም፤ በጨው ታሽቶ ዘይት ይቀባል። እናቴ ሳታውቅ አንዴ በሳሙና ፈትጋው ሁለት ቀን አኩርፈዋታል።

ልምምዱ ሐሙስ ሐሙስ ሆነ። አራት እንቁላል፣ ሁለት ብርጭቆ ወተት፣ ፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ቁንጥር ጨው። በሹካ ይመታል፤ ጓል እንዳይኖረው አዬዮ ጣታቸውን አስገብተው ይፈትሻሉ። ከጭልፋ ሲወርድ ከወተት ትንሽ ይወፍራል፣ ከአጥሚት ይቀጥናል። ከዚያ ዱቄቱ እስኪጠጣ ግማሽ ሰዓት ያርፋል። በቃ። እኔና እናቴ ተያየን።

«እርሾውስ?» አለች እናቴ።

«እርሾ የለውም።»

«ታዲያ ኤዶ፣ ይሄ እኮ ጥሬ ሊጥ ነው።»

«ጥሬ ሊጥ ነው፤ ስለዚህ ይጠበሳል።»

ይህን የሚረዳ ሃርጌሳን ያየ ሰው ነው። እዚያ ቤት ሁሉ ጥግ ላይ የለሆህ ባልዲ አለ። ለሆህ ሰው ሁሉ ጠዋት ጠዋት በሻይና በቅቤ የሚበላው ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ጎምዛዛ ቂጣ ነው። ሊጡ ያድራል፤ ሲጋገር ትንሽ ለነገ እርሾ ይቀራል፤ ባልዲው ጨርሶ ባዶ ሆኖ አያውቅም። የሚጋገረውም በአንድ ጎኑ ብቻ ነው፤ ላይኛው ፊቱ በዓይን ይሞላል። ይህ የጀርመኑ ግን ሳያድር ይጋገራል፣ ይገለበጣል፣ ፊቱ እንደ ወረቀት ልሙጥ ነው፤ አንስተሽ ወደ መስኮቱ ብታደርጊው ብርሃን ያሳልፋል። በልቤ ጀርመኖችን አዘንኩላቸው። እርሾ የሚሰጣቸው ጎረቤት አጥተው ነው አልኩ።

አዬዮ የሚጋግሩት በጆሮ ነበር። አንድ ጭልፋ አፍስሰው መጥበሻውን በእጅ አንጓቸው ያዞሩታል፤ ሊጡ መጀመሪያ በኃይል ይጮሃል፣ ጠርዙ ሲደርቅ ድምፁ ይቀጥናል። በዚህ መሀል ቁል ሁወላሁ አሐድን፣ አጭሯን የቁርአን ምዕራፍ፣ ሦስት ጊዜ ይቀራሉ። ሦስተኛው ሲያልቅ ይገለብጡታል። በሌላው ጎን አንድ ጊዜ ይቀሩና ያወጡታል። የእኔ ድርሻ የሸክላውን ሳህን በቀኛቸው በኩል ቀጭ አድርጎ ማስቀመጥ ነው፤ በድምፁ ቦታውን ያውቁታል።

«አዬዮ፣ ያቺ ጀርመናዊት ሙስሊም ነበረች?»

«ምነው?»

«ሦስት ጊዜ ቁል ሁወላሁ እንደሚቀራ ማን ነገራት?»

ጭልፋውን አስቀምጠው ሳቁ። «እሷማ ሰዓት ነበራት።»

አንድ ነገር ብቻ ያስጨንቀኝ ነበር። ሐሙስ በመጣ ቁጥር የመጀመሪያው ይበላሻል፤ ይጣበቃል፣ ይቀደዳል። አዬዮ ምንም አይመስላቸውም። «የመጀመሪያው የመጥበሻው ድርሻ ነው» ይሉና ራሳቸው ይበሉታል። እኔ ግን፣ ኢድሪስ የሚያየው የመጀመሪያውን ቢሆንስ እያልኩ እብሰለሰላለሁ። ወደ አላህ ዱዓ አደረግሁ። ዱዓዬም መልስ ያገኘ መሰለኝ፤ እናቴ ለሆህ ስትጋግር ተጣበቀባትና፣ «እርሾው አንሶታል፤ ሊጥ እርሾ ሲያንሰው ነው ብረት የሚይዘው» ስትል ሰማኋት።

ኢድሪስ መጣ። ረጅም፣ አቧራው የሚያስለው፣ ዝም ያለ ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ ግቢውን ዞረ። የውሃ በርሜሎቹን ከፍቶ አየ፣ ደረጃዎቹን በእግሩ ሞከረ። አዬዮ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው አንዴም ሳይነሱ ሲያጫውቱት ዋሉ። ጠዋት ግርግር እንዳይበዛ ሊጡን እናቴ አመሻሹ ላይ አዘጋጀችው፤ የሌሊቱ ብርድ አለና አይበላሽም ብላ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀመጠችው። መግሪብ ተሰግዶ ሁሉም በረንዳ ላይ ሲቀመጥ እኔ ወጥ ቤት ገባሁ። ቢስሚላህ አልኩ። ከለሆህ ባልዲው ሁለት እፍኝ እርሾ ዘግኜ ጨመርኩ፣ በእጄ አማሰልኩ፣ ከደንኩ። ትልቅ መልካም ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ሁለት ረከዓ ሰገድኩ።

ጠዋት የነቃሁት በእናቴ ድምፅ ነው። «ያ ረቢ!» ትላለች። ሊጡ ክዳኑን አንስቶ ሳፋው ውስጥ ፈስሷል። ላዩ ይተነፍሳል። ሽታው ግቢው መሀል ደርሷል።

«ነጃት፣ የነካሽው ነገር አለ?»

«እኔ? የለም» አልኩ።

እናቴ አመነችኝ። የቦካበትን ዕቃ ዙሪያውን አየችና ደረቷን መታች። «ለሆህ የነበረበት ዕቃ ነው፤ ሳላጥበው ነው። እኔው ነኝ፤ እኔው ነኝ ቤታችንን ያፈረስኩት።» ሌላ እንቁላል የለም፣ ወተት ሻጮቹ ገና አልመጡም፤ ኢድሪስ ደግሞ ከመስጊድ ተመልሶ በረንዳው ላይ ሻይ ይዟል። አዬዮ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ። ፊታቸው አልተለወጠም።

«ምድጃውን ወደዚህ አምጡት» አሉ። «ይጋገራል።»

በረንዳው ላይ፣ በልጃቸው ፊት፣ ቆመው ጭልፋውን አነሱ። እኔ ሳህኑን ይዤ በቀኛቸው ነኝ። ሊጡ መጥበሻው ላይ ሲወድቅ አልጮኸም። ሙሽሽ አለ፣ አበጠ፣ ዓይን በዓይን ሆነ። አዬዮ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያን የሚያውቁትን ድምፅ ጠበቁ፤ አልመጣም። ቁል ሁወላሁን ሦስት ጊዜ ቀሩ፤ እኔ ሳህኑን ማስቀመጥ ነበረብኝ፣ ግን እንደያዝኩት ቀረሁ። የእናቴን ፊት ነበር የማየው። አዬዮ ሳህኑ ይኖራል ወዳሉበት ገለበጡት። ግማሹ ከሰል ላይ ወደቀ። የወደቀውን ሊያነሱ እጃቸውን ሰደዱ፣ ፍም ጨበጡ።

አልጮኹም። ኢድሪስ ነው የጮኸው። ዘሎ እጃቸውን ውሃ ውስጥ ከተተው። እንደያዛቸው ፊታቸውን ለረጅም ጊዜ አየ፤ ከዚያ ሌላውን እጁን ቀስ ብሎ ከዓይናቸው ፊት አሳለፈ። አንዴ። ሁለቴ።

«ሆዮ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ። በሶማልኛ ነው፣ ሆዮ እናቴ ማለት ነው፤ ለሁላችንም ገባን።

«ጠየቅኸኝ እንግዲህ» አሉ አዬዮ። «ከመጣሁ በሁለተኛው ዓመት።»

እናቴ ወደፊት ወጣች። «ወንድሜ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዕቃውን ሳላጥብ ነው…» ስትል አላስቻለኝም።

«እሷ አይደለችም! እርሾ የጨመርኩት እኔ ነኝ! እማዬ ስትጠይቀኝም ዋሽቻለሁ!» አልኩና ማልቀስ ጀመርኩ። እውነቱን ከተናገርኩ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው የሚመለስ መስሎኝ ነበር። ኢድሪስ ግን ምን እንደምል እንኳ አልገባውም። ስለ ሊጥ የሚያስብ ሰው እዚያ በረንዳ ላይ ከእኔ በቀር አልነበረም።

«ለምን ጨመርሽ?» አሉ አዬዮ።

«የመጀመሪያው እንዳይበላሽ።»

የተቃጠለ እጃቸው ሳፋ ውስጥ እንዳለ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። እያለቀሱ መስሎኝ ነበር፤ ሲስቁ ነው። «አቦ ኢድሪስ፣ በል የቀረውን ጋግር። የአላህ ሲሳይ አይደፋም።»

ኢድሪስ በከራቫት ሸሚዙ ቁጭ ብሎ ያን የቦካ ሊጥ እስከ መጨረሻው ጋገረ። አሥራ አንድ ወጣው። ወፍራም፣ ስፖንጅ የመሰለ፣ ከእንቁላሉ ጋር የሚጎመዝዝ። ስኳርና ቀረፋ ነስንሰን አራታችን በላነው። እኔ የበላሁት ሦስት ነው፤ እንደ ቅጣት ስለቆጠርኩት አራተኛም ለምኜ ነበር። በመጨረሻ አዬዮ ጣታቸውን ላሱና፣ «ጀርመንም አያውቀው፣ ሃርጌሳም አታውቀው» አሉ።

ከዚያ ኢድሪስ ውሳኔውን ተናገረ። ይሄዳሉ፤ ሐኪም ያያቸዋል። የቀኝ ዓይናቸው ከተከፈተ ራሱ ይመልሳቸዋል። ካልተከፈተ አብረውት ይቀራሉ። «ወላሂ በል» አሉት። «ወላሂ» አለ። እስከዚያ ቤቱን እናቴ ትጠብቅ ተባለ። እናቴ አልመታችኝም፣ አልተቆጣችኝም። በሳምንቱ የቀይ ባልዲውን ውሃ አብረን ተሸክመን ስንገባ ብቻ፣ «ስጠይቅሽ እውነቱን ብትነግሪኝ ኖሮ፣ ቁርስ ለሆህ ነው ብለን እናሳልፈው ነበር» አለች። ልክ ነበረች። ይህን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ኢስቲግፋር ሳደርግ፣ አላህን ምሕረት ስለምን፣ አስታውሰዋለሁ።

አዬዮ የሄዱት ከረመዳን በፊት ነው። በአንዱ እጃቸው ፋሻ አለ፣ በሌላው የእኔን ትከሻ ይዘው እስከ መኪናው ሄዱ። መጥበሻውን ትተውት ሄዱ። እኔና እናቴ አንድ ሐሙስ ያለ እርሾ ሞከርነው፤ ወጣልን፤ የመጀመሪያው ተቀደደ፣ እናቴ አዬዮን መስላ «የመጥበሻው ድርሻ ነው» ስትል ሁለታችንም መብላት አቃተን። ሁለት ጊዜ በጎረቤት ስልክ ቤት በኩል መልእክት ደረሰን። በመጀመሪያው ሐኪሙ ጠብቁ አለ። በሁለተኛው ቀዶ ሕክምናው ተደርጓል፤ ፋሻው ገና አልተፈታም። ከዚያ ወሬ ጠፋ። ኢድ አለፈ። ቤት የሚከራዩ ሰዎች ሁለት ጊዜ መጥተው ግቢውን በዓይናቸው ለክተው ሄዱ። እናቴ ልብሳችንን ማጠፍ ጀመረች። ዱዓዬን አሳጠርኩት፤ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምለምነው።

ከዐረፋ በኋላ አንድ ረፋድ ላይ መኪና በሩ ላይ ቆመ። ኢድሪስ ሊደግፋቸው ሲል እጁን ገፍተው ብቻቸውን ወረዱ። መነፅር አድርገዋል። ከወትሮው ቀጥ ብለው ነው የሚሄዱት፤ በሩን አዩ፣ አዲሱን ቆርቆሮ አዩ፣ እናቴን አይተው «ዘሃራ፣ ከድምፅሽ ታንሻለሽ» አሏት። እናቴ ሳቋና ልቅሶዋ ተደባለቀባት።

አጠገቧ የቆምነው ሁለት ነበርን፣ እኔና የጎረቤታችን ልጅ ሁዳ። ሁዳ ዕድሜዋ እንደኔ ነው፤ ቁመናዋ ያምራል፣ ያን ዕለት የኢድ ቀሚሷን ለብሳለች። አዬዮ እጃቸውን ዘርግተው መጡና ሁዳን አቀፏት። «ልጄ» እያሉ ግንባሯን ሳሙት። እኔ ያን ቀን እሸከም የነበረው የከሰል ጆንያ ቀሚሴን አጥቁሮታል። አይተውኝ የማያውቁ መሆናቸውን እስከዚያች ደቂቃ አስቤው አላውቅም።  ሁዳ ደግሞ በድንጋጤ ደርቃለች።

አዬዮ የሆነ ነገር ተሰማቸው መሰለኝ፣ ሁዳን ለቀው ወደ እኔ አዩ። ተመልሰው እሷን አዩ። ሰው ምን ይላል ሳይሉ መነፅራቸውን አውልቀው ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ጨፈኑ።

«አቦ፣ አፍ የላችሁም? ተናገሩ» አሉ።

«አዬዮ፣ እንኳን ደህና መጡ» አልኩ።

ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ ማንም ሳይመራቸው፣ ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ።